ቁጡውን አጥቂ የመረጥኩ ለት

ሰው በዕጣ ሲከፋፈሉት አይቼ አላውቅም ነበር። ቅርጫ አውቃለሁ፤ በሬ ታርዶ፣ መደብ መደብ ተደርጎ፣ ዕጣ ሲጣልበት ዕድሜዬን ሙሉ አይቻለሁ። የኮንዶሚኒየም ዕጣም ሰምቻለሁ፣ ለኔ ባይደርሰኝም። ሰው ግን፣ ያውም እናቱን የማውቃት፣ ጠዋት ሲያልፍ "እንዴት አደሩ" የሚለኝ ሰው፣ ፀጉር ቤት ግድግዳ ላይ በጠመኔ ተጽፎ "ይሄ ላንተ፣ ይሄ ለኔ" ሲባል ያየሁት በስተርጅናዬ ነው። ጉድ ነው አልኩ። ጉድ እያልኩ እኔም ተካፈልኩ።

የጽሕፈት ሰው አይደለሁም። ፊደል የለየሁት ጢም ካበቀልኩ በኋላ በመሠረተ ትምህርት ነው። እንደማወራው ነው የምጽፈው፤ ያልጣመው ይተወው።

ሥራዬ ጎሚስታ ነበር። አስራ ስምንት ማዞሪያ፣ ታክሲዎቹ ከሚዞሩበት ፊት ለፊት፣ ጎማ ስለጥፍና ስነፋ ኖሬ አሁን ቤቱን ልጄ ይዞታል። እኔ አጠገቡ ቁጭ ብዬ "እንዲህ አይደለም፣ እንዲህ ነው" እለዋለሁ። እሱም ሲመረው "አባዬ፣ በቃ ፀጉር ቤት ሂድና ቴሌቪዥን እይ" ይለኛል። እሄዳለሁ።

ፀጉር ቤቱ ከኛ ሦስተኛው በር ነው። ባለቤቱ ወጣት ነው፤ መቁረጫ ማሽኑ ቢያርፍ እሱ አያርፍም። እዚያ ቤት አንድ ባለመደገፊያ ወንበር አለ። ከሆነ ቢሮ ተሽጦ የመጣ ነው፤ ቆዳው ተላልጧል፣ አንዱ እጀታ በሽቦ ታስሯል፣ ቁጭ ሲሉበት ግን ወገብ ያቅፋል። የተቀመጠውም ልክ ከቴሌቪዥኑ ፊት ለፊት ነው። የቀረው ሰው አግዳሚ ላይ ነው የሚደረደረው። በዚያ ወንበር ምክንያት እኛ ሦስት ሽማግሌዎች ስንት ጊዜ ተኮራርፈናል። አንደኛው እኔ። ሁለተኛው ሥጋ ቤት ያለው ጓደኛዬ፤ አብረን ነው ያደግነው፣ ሚዜዬም ነበር። ሦስተኛው የእድራችን ዳኛ፤ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ ሁሌም ለቀብር የተሰናዳ የሚመስል ሰው።

ፀጉር አስተካካዩ በስልኩ ፋንታሲ የሚሉት ነገር ይጫወታል። የሰው ራስ ግማሹን ላጭቶ ስልኩን ያያል። አንድ ቀን "ምንድነው እሱ?" አልኩት።

"አባባ፣ ከየቡድኑ ተጫዋች ይመርጣሉ። የመረጡት ሰው ጎል ሲያገባ ለርስዎ ነጥብ ነው። ካርድ ሲያይ ከርስዎ ይቀነሳል።"

"ታዲያ ሰውየው ያውቃል?"

"ምኑን?"

"አንተ እንደመረጥከው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። "እንግሊዝ አገር ያለ ሰው እኔን የት አውቆኝ!" አለ።

እኔ አልሳቅኩም። ሰው ሳያውቅ፣ ሳይጠየቅ፣ እዚህ ኮልፌ በሱ ላብ ነጥብ ይቆጠራል? "እኔ በዓይኔ ያላየሁትን፣ እናቱን የማላውቀውን ሰው አልመርጥም" አልኩ።

"እንግዲያው በሰፈራችን ዋንጫ እናድርገዋ!" አለ ፀጉር አስተካካዩ።

የሰፈር ዋንጫ ማለት እሁድ እሁድ ወንዙ አፋፍ ላይ ባለው ሜዳ የሚደረግ ጨዋታ ነው። የኛ ሰፈር አለ፣ የአየር ጤና ልጆች አሉ፣ ከሳንሱሲም ይመጣሉ፣ ወንዝ ማዶ ያሉትም ቡድን አላቸው። ሁሉንም በዓይናችን እናውቃቸዋለን። የእድሩ ዳኛ "ገንዘብ ካለበት ቁማር ነው፣ እኔ የለሁበትም" አለ። "ገንዘብ የለም" አልነው። በነጥብ አንደኛ የወጣ ወንበሩን ለዓመት ይይዛል፤ ማንም ተነስ አይለውም። ያን ጊዜ ዳኛውም ዓይኑ ወደ ወንበሩ ሄደ።

የምርጫው ቀን ጓደኛዬ "ይሄማ ቅርጫ ነው፣ ለኔ ተዉት" ብሎ እጅጌውን ሰበሰበ። ማን አስቀድሞ እንደሚያነሳ በዕጣ ይለይ ተባለ። እኔ የጎማ መንፊያ ቀዳዳ ክዳን ሰጠሁ፣ እሱ የጥርስ እንጨት፣ ዳኛው የኮት ቁልፍ፣ ፀጉር አስተካካዩ የተሰበረ የማበጠሪያ ጥርስ። ዕጣውን ያወጣው ፊቱ ግማሹ አረፋ የነበረ ደንበኛ ነው። እጁን ከጨርቁ ስር አወጣና የኔን ክዳን አነሳ።

"እሺ አባባ፣ ማንን?"

"ያንን ቁጡውን።"

ማሽኑ ቆመ። ስም መጥራት አላስፈለገኝም። በኛ አካባቢ ቁጡው ከተባለ አንድ ነው። አየር ጤና ጋራዥ ውስጥ በያጅ ነው፣ የሚጫወተው ግን ለኛ ሰፈር ነው፤ ቀጭን፣ ረጅም፣ ክንዱ በብየዳ ፍንጣሪ የተዥጎረጎረ። ኳስ ግራ እግሩ ላይ ስትደርስ ድምጽ አይሰማም። ሦስት ሰው መሐል ይገባና እንዴት እንደወጣ ሳታይ ኳሷ መረብ ውስጥ ናት። ግን ማንም ጫፉን ከነካው አለቀ።

"አባባ፣ እሱ'ኮ አምና የመስመር ዳኛውን ባንዲራ ሰብሮ በዱላው ያባረረው ነው!"

"ጎል ያገባል ወይስ አያገባም?"

"ያገባል።"

"ጻፍ።"

ጓደኛዬ ጉልበቱን እየመታ ሳቀ። "አንተ ሰው፣ ሻኛ መስሎህ ጨጓራ ነው ያነሳኸው!"

"ጻፍ አልኩ!"

ጻፈ። እኔ አንዱ በቃኝ አልኩ፤ ከዚያ እነሱ ተራ በተራ አነሱ። ጓደኛዬ የወንዝ ማዶዎቹን በረኛና አንድ ግንድ የሚያህል ተከላካያቸውን ወሰደ። "ይሄኛው ጉልበቱ ደህና ነው?" "ያኛው ሚስት አግብቷል፣ ይደክማል።" "እሱን ተወው፣ ሳንባው አይረባም።" እኔ ተቀምጬ እየሰማሁ ሰውነቴ ቀዘቀዘ። ቅርጫ ላይ እንኳ እንዲህ የሚባለው በሬው ከሞተ በኋላ ነው።

የመጀመሪያው እሁድ ከዘራዬን ይዤ ሜዳ ወረድኩ። ቁጡው ሁለት ጎል አገባ። እኔ ከተቀመጥኩበት ድንጋይ ዘልዬ ተነሳሁ፤ ጉልበቴን ሐኪም አትነሳ ያለኝን ረስቼ። ከዚያ የአየር ጤናው ተከላካይ በጆሮው አንድ ነገር አለው። ምን እንዳለው አልሰማሁም፣ "አባት" የሚል ብቻ። ልጁ ዞረና በቴስታ አነደደው። የሜዳው ዳኛ ቀይ አወጣ። ልጁ ማልያውን አውልቆ ዳኛው ፊት ላይ ወረወረ። እንዲህ ያለ እግር ከእንዲህ ያለ ራስ ጋር አንድ ገላ ላይ እንዴት ይኖራል?

ጎል ሁለት ነጥብ ነው፣ ጎል ሳይገባባቸው የወጡ በረኛና ተከላካይም እንዲሁ፣ ቀይ ካርድ አምስት ያስቀንሳል። ሁለት ጎል አግብቶልኝ ግድግዳው ላይ ከባዶ በታች ወረድኩ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ተንቀባሮ "ጨጓራው ሸተተ" አለኝ።

የኔ ነጥብ ግን ትንሹ ነገር ነበር። ማታውን የሰፈራችን አሰልጣኝ ወደ ፀጉር ቤቱ መጥቶ ፊቱን አጨፍግጎ ቆመ። ለካስ አንድ ተጫዋች የሚመለምል የክለብ ሰው ልጁን ሰምቶ ኖሯል። "የፍጻሜውን ቀን መጥቼ አየዋለሁ፣ ከዛሬ በኋላ ግን አንድ ቀይ ካርድ ከሰማሁ አልመጣም" ብሏል። አዘጋጆቹ ደግሞ ልጁ ከሜዳው ዳኛ ጋር ካልታረቀ ሜዳ አይገባም ብለዋል። ልጁ ለመታረቅ እምቢ ብሏል። "እድሜው እየሄደ ነው" አለ አሰልጣኙ። "ዘንድሮ ካልሄደ ብየዳው ላይ መቅረቱ ነው። እናቱን ከጉሊት አነሳለሁ ሲል ነው የኖረው።"

"ሽማግሌ እንልክበታለን" አልኩ።

"ለፋንታሲ ሽማግሌ?" ፀጉር አስተካካዩ ማሽኑን ሊጥል ነበር።

"ለሰው ነው" አልኩት። አልዋሽም፣ ለነጥቤም ነበር።

ቅዳሜ ጠዋት እኔ፣ ጓደኛዬና የእድሩ ዳኛ ጋቢያችንን ለብሰን እናቱ ቤት ሄድን። ከማዞሪያው ወደ ታች፣ በቆርቆሮ አጥር የተከለለ ግቢ ነው። እናትየው ወደ ጉሊቷ ልትወጣ የጎመን እስር ታቅፋ ነበር። ልጅቷ፣ የልጁ ታናሽ እህት፣ ግቢው መሐል ባኞ ላይ ጎንበስ ብላ ታጥባለች። ሴትየዋ ሦስታችንን አይታ "ግቡ፣ ግቡ፣ ተቀመጡ አባቶቼ" አለች።

የእድሩ ዳኛ በዚያ በቀብር ድምፁ "የመጣንበት ሳይሰማ አንቀመጥም" አለ።

ሽማግሌ እንዲህ ነው፣ ቆሞ ነው የሚናገረው። ግን ሴትየዋ ፊቷ አመድ ሆነ። ጎመኑ ከእጇ ወረደ። ሦስት ሽማግሌ፣ ጋቢ፣ ቅዳሜ ጠዋት፣ አንቀመጥም። ዞራ ልጇን አየች።

"ገና አስራ ሁለተኛ ክፍል ናት!" ብላ ጮኸች። "ማነው የላካችሁ? የማን ልጅ ነው? አንቺ! ማነው እሱ?"

ልጅቷ ከነሳሙናዋ ተነሳች፣ ባኞው ተገለበጠ። "እማዬን! እኔ ማንንም አላውቅም! አባባ፣ ማን ነው የላካችሁ? ይንገሩኛ!"

ጓደኛዬ በጋቢው አፉን ሸፍኖ ይንቀጠቀጣል። "እህቴ" አልኩ በመጨረሻ፣ "ስለ ወንድሟ ነው የመጣነው።"

"ምን አደረገ? ሰው ገደለ?"

"ኧረ በስመአብ! ከሜዳው ዳኛ ልናስታርቀው ነው።"

ሴትየዋ ደረቷን ይዛ በርጩማ ላይ ዘፍ አለች። ልጁ በጩኸቱ የጥርስ ብሩሹን እንደጎረሰ ወጣ። ነገሩን አስረዳነው። እምቢ አለ። "እኔ ዳኛ አልለምንም። ለመሆኑ እናንተን ምን አገባችሁ?"

ጓደኛዬ አፉ አምልጦት "እሱ መርጦህ'ኮ ነው፣ ነጥቡ እየወረደበት" አለ።

"ምን ማለት ነው መረጠኝ?"

ነገርኩት። ግድግዳውን፣ ጠመኔውን፣ ዕጣውን፣ ወንበሩን። ስናገር እኔን ራሴን አስደነገጠኝ፤ ፊቱ ቆሜ ስናገረው ነገሩ ሌላ ነው። የአንገቱ ሥር ተገተረ።

"እኔን እንደ ቅርጫ ሥጋ ተካፈላችሁኝ?"

"አዎ" አልኩ። "አንደኛ የተነሳኸው አንተ ነህ።"

"አንደኛ?"

"አንደኛ።"

"ከበረኛው በፊት?"

"ከሁሉም በፊት። ተሳቀብኝ። ጻፍ አልኩ።"

ብሩሹን ከአፉ አወጣና እናቱ አጠገብ መሬት ላይ ቁጭ አለ።

ከዚያ እናትየው ተናገረች። ልጁ ትንሽ ሳለ አባትየው አንድ ጠዋት "ዳቦ ገዝቼ ልምጣ" ብሎ ወጣ። ቀረ። ልጁ በሩ ላይ ቆሞ እስኪመሽ ጠበቀው፤ በማግስቱም፣ ከዚያም በኋላ ስንት ቀን። "ሰው አባቱን ሲያነሳበት የሚታየው ያ በር ነው" አለች። "ዳቦዋን የሚያውቅ የለም። እኔና እነሱ ብቻ ነን። ይሄ ከዚህ ቤት እንዳይወጣ አባቶቼ።"

"የሰማነው እዚሁ ቀርቷል" አለ የእድሩ ዳኛ። ሦስታችንም እጃችንን አንስተን ማልን። ያን ጊዜ ተቀመጥን፤ ቁርስ ቀረበልን።

በዚያው ቀን የሜዳውን ዳኛ ጠርተን አስታረቅን። ዳኛው የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ክፉ ሰው አይደለም፣ ደረቅ ግን ነው። ልጁ ጉልበቱን ሊስም ሲል አቅፎ አነሳው። ስንመለስ ልጁን ለብቻው ያዝኩት።

"ስማ" አልኩት። "እኔ የከባድ መኪና ጎማ ስነፋ ነው የኖርኩት። የቸርኬው ቀለበት በደንብ ካልገባ ተፈናጥሮ ራስ ይወስዳል። ተናድደህ ከነካኸው ሞተሃል። አለቃዬ ንዴት ሲይዘኝ ካየ 'ጎንበስ በልና የጫማህን ማሰሪያ ፈትተህ እሰር' ይለኝ ነበር። ቀና እስክል ድረስ እጄ ይበርዳል። አንተም እንደዛ አድርግ።"

"ታስሮ ከሆነስ?"

"ፈትተህ እሰራ!"

አደረገው። ማመን አቃተኝ፣ ግን አደረገው። በሚቀጥሉት ጨዋታዎች ተከላካይ ሲጠልፈው ጎንበስ፤ ዳኛ ሲበድለው ጎንበስ። ተመልካቹ "ኧረ ለዚህ ልጅ ማሰሪያ ግዙለት!" እያለ ይስቅበታል። ቀና ሲል ያገባል። የኔ ነጥብ ግድግዳው ላይ ወደ ላይ ወደ ላይ ሄደ። ጓደኛዬ ሁለተኛ ሆነ፣ ሳቁም ቀነሰ። አንድ ቀን ወንበሩ ላይ ተቀምጬ ሲያገኘኝ "ተነስ፣ ገና ያንተ አልሆነም" አለኝ፤ ቀልድ መስሎኝ ነበር፣ ዓይኑ ግን አይቀልድም።

ፍጻሜው የኛ ሰፈርና ወንዝ ማዶ ሆነ። የጓደኛዬ በረኛና ያ ግንዱ ተከላካይ ከወዲያ፣ የኔ ልጅ ከወዲህ። መልማዩ መጣ፤ ኮፍያ ያደረገ ዝምተኛ ሰው ነው፣ ተጣጣፊ ወንበሩን ጎል ጀርባ ዘረጋ። እናትየው ጉሊቷን ዘግታ ከሴት ልጇ ጋር አጥሩን ተደግፋለች። ጨዋታው ሳይጀመር ጓደኛዬን አየሁት። የተከላካዩን ትከሻ አቅፎ በጆሮው ያወራል። እየመረቀው መስሎኝ አለፍኩ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ልጁ ቢጫ አየ። ጥፋት ሳይሰጠው ቀርቶ ኳሷን ወደ ወንዙ ለጋት። ጎንበስ አለ፣ አሰረ፣ ቀና አለ። እሺ አልኩ፣ አልፏል።

ከእረፍት በኋላ በመስመር በኩል ወደኛ መጣ። ተከላካዩ ጣለው። እኔ ከተቀመጥኩበት ሁለት እርምጃ አይርቁም። ተከላካዩ ሊያነሳው እጁን የዘረጋ መስሎ ጎንበስ አለና፣

"ዳቦው መጣ?" አለው። "አባትህ ዳቦውን ገዝቶ መጣ?"

ክው አልኩ። ጆሮዬን አላመንኩትም። እነዚያን ቃላት የሚያውቅ ሰው በዓለም ላይ ስንት ነው? ሦስቱ የቤቱ ሰዎች፤ እናትና እህት አጥሩ ጋ ናቸው፣ ልጁ መሬት ላይ ነው። የእድሩ ዳኛ፤ አጠገቤ ነው፣ እሱም ሰምቶ ዓይኑ ፈጦ እኔን ያየኛል። ከዚያ ሁለታችንም ቀስ ብለን ወደ ጓደኛዬ ዞርን። እሱ ሜዳውን አያይም። ሁሉ ሰው ልጁን ሲያይ እሱ ጫማውን ያያል።

ልጁ ተነሳ። ጡጫው ተጨብጧል። ፊቱ ደም የለውም። መልማዩ ከወንበሩ ብድግ ሲል አየሁት። ልጁ እዚያው እንደቆመ ጎንበስ አለ። ጣቶቹ ማሰሪያውን መያዝ አቃታቸው። ይፈታል፣ ያመልጠዋል፣ ይፈልገዋል። ግን ቀና አላለም።

እኔ ግን ጎንበስ አላልኩም። ወደ ጓደኛዬ ሄድኩ።

"አንተ ነህ?"

"ምኑ?"

"ዳቦዋን።"

"ኧረ ባክህ፣ ጨዋታ ነው'ኮ" አለኝ። ድምፁ ቀጥኗል። "ቀይ ቢያይ ነገ ይረሳዋል፣ ያው ቁጡ ነው። አንተስ ለወንበሩ አይደል ስትሮጥ የከረምከው?"

ሚዜዬ ነው። እናቴ ስትሞት ሬሳዋን የተሸከመ ነው። የሽማግሌ መሐላውን ለተላጠ ወንበር ሸጠው! ከዘራዬን አነሳሁ። ላስፈራራው አልነበረም፣ ላወርድበት ነው ያነሳሁት። እሱም አንገቴን ያዘ። ሁለት ሽማግሌ፣ ተያይዘን ከመስመሩ ርቀን ወደ አፋፉ ተንገዳገድን። ሰው ይጮሃል። ኮፍያዬ የት እንደወደቀ አላውቅም። የከዘራዬን ጫፍ አንድ እጅ ያዘው፤ እንደ ብረት የጠነከረ እጅ ነው፣ ንቅንቅ የማይል።

"አባባ! ጎንበስ ይበሉ! ማሰሪያዎን ይሰሩ!"

እሱ ነው። ኳሱን ትቶ፣ ሜዳውን ትቶ፣ መሐላችን ገብቶ በአንድ እጁ እኔን በሌላው ጓደኛዬን ለያይቶ ቆሟል። ከኋላው የዳኛው ፊሽካ ተነፋ። ጨዋታው አልቆመም ኖሯል፤ ኳሷ እዚያ ማዶ እየተለጋች ነው። ሳይፈቀድለት ሜዳ ለቅቆ ወጥቷል። ዳኛው እጁን ወደ ኪሱ ሲሰድ ቀፎታል፤ እኔንም ልጁንም እያየ ነው። ቢጫ። ሁለተኛው ነው። ከዚያ ቀይ።

"አስታርቆ'ኮ ነው!" ብዬ ጮህኩ። "አንተንም አስታርቀንሃል!"

"ሕጉ ነው አባባ" አለኝ። ዓይኑ እርጥብ ነበር።

ሁሉም ሰው ጠበቀ። ሥርዓት አስከባሪ ልጆቹ ገና ምንም ሳይሆን ተነስተው ቆሙ። እናትየው ነጠላዋን ነክሳለች። ልጁ ካርዱን አየው፤ ከዘራዬን በእጄ መልሶ አስያዘኝ፤ ዳኛውን "እሺ" አለው። ወጣ። "እሺ" ብቻ! ከዚያ ልጅ አፍ "እሺ" ሲወጣ የሰማ ሰው ሜዳው ላይ አልነበረም። ከቀይ ካርዱ ይልቅ ያ ቃል ነው ያስደነገጠን።

መልማዩ ወንበሩን አጥፎ ወደ መኪናው ሄደ።

የጨዋታውን መጨረሻ አላየሁም። በአንድ ጎል ተሸንፈን ኖሯል። እኔና የእድሩ ዳኛ መኪናው ፊት ሄደን ቆምን። ሰውየው መስኮቱን አወረደ። "ምን ልታዘዝ አባቶቼ? ግቡ፣ ውስጥ እናውራ።"

"የመጣንበት ሳይሰማ አንገባም" አለ የእድሩ ዳኛ።

ሰውየው ሞተሩን አጠፋ። "ለምን ወጣ?" አለኝ።

"እኔን ሊያስለቅቅ። ጥፋቱ የሱ አይደለም፣ የኛ ነው።"

"ያኛው ምን ብሎት ነው?"

"እሱን አልነግርህም" አልኩ። "የማይነገር ነው።"

"ወድቆ ሲነሳ ይመታዋል ብዬ ነበር። ጎንበስ አለ። ምን ፈልጎ ነው?"

"ማሰሪያውን ሊያስር።"

"ታስሮ ነበር'ኮ። አይቻለሁ።"

"አዎ" አልኩ።

መሪውን በጣቱ እየመታ ቆየ። "ቀይ ካርዱን አልወደድኩትም። ይሄን ንገሩት። ለሙከራ ነው፣ ተቀበልኩት አላልኩም። ማክሰኞ ጠዋት ጫማውን ይዞ ይምጣ።"

የእድሩ ዳኛ ያን ጊዜ ነው መኪናውን የተደገፈው።

በማግስቱ ፀጉር ቤት ስደርስ በሩ ላይ ቀጥ ብዬ ቀረሁ። ጓደኛዬ ወንበሩ ላይ ተቀምጧል። እኔ እኮ ሰፈሩን ለቅቆ የሚሄድ፣ ቢያንስ ለወር ቤቱን ዘግቶ የሚከርም ነበር የመሰለኝ። ተቀምጧል! እግሩን አነባብሮ ዜና ያያል። ግድግዳው ላይ የኔ ነጥብ አምስት ተቀንሶበታል። ያ ልጅ በዕድሜው የሠራው ትልቁ ነገር፣ እዚያ በጠመኔ አምስት ተቀናሽ ተብሎ ተጽፏል።

"ደምስሰው" አልኩ ፀጉር አስተካካዩን።

"አባባ፣ በነጥብ አንደኛ እሳቸው ናቸው። እኔ ምን ላድርግ?" አለ፤ አንገቱን ደፍቶ።

"ሰምተሃል" አለ ጓደኛዬ፣ ዓይኑን ከቴሌቪዥኑ ሳይነቅል።

የእድሩ ዳኛ አግዳሚው ላይ እንደ ሐውልት ተቀምጧል። እኔም አጠገቡ ተቀመጥኩ። ማሽኑ ብቻ ይጮሃል።

ከዚያ ልጁ ገባ። ነገ ለሙከራው ፀጉሩን ሊስተካከል ነው። ከሥራ እንደመጣ ነው፣ ቱታው በጥላሸት ጠቁሯል። "እንዴት ዋላችሁ" አለና ወንበሩን አየ። ወንበሩ ላይ ያለውን አየ። ሜዳው ላይ ከጓደኛዬ ጋር የተባባልነውን ሁሉ ሰምቷል፤ ማን እንደሆነ ያውቃል። ማሽኑ ጠፋ። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን ከጠረጴዛው ላይ ቀስ ብሎ አነሳና መሳቢያ ውስጥ ከተተ። እኔ ከዘራዬን ጨበጥኩ፤ ማንን ልይዝበት እንደሆነ ግን አላውቅም።

ልጁ ጎንበስ አለ። ተንበርክኮ እግሩ ላይ ጣቶቹን አንቀሳቀሰ፤ ፈታ፣ ሳበ፣ አሰረ፣ አጠበቀ። ጊዜውን ወሰደ። ከዚያ ቀና አለ።

"ጋሼ" አለው ለጓደኛዬ፣ "ተመችቶዎታል? ይቀመጡ፣ ይቀመጡ።"

መጥቶ አግዳሚው ላይ ከጎኔ ተቀመጠ፤ ተራውን ሊጠብቅ።

ጓደኛዬ እግሩን አወረደ። ዜናው ሳያልቅ ተነሳ። ማንንም ሳያይ፣ ጋቢውን እየጎተተ ወጣ። ወንበሩ ከዚያ ወዲህ ባዶ ነው፤ ደንበኞች ጃኬታቸውን ይጥሉበታል። እኔም አልቀመጥበትም።

ያን ለት ግን ወንበሩን አልነበረም ያየሁት። የልጁን እግር ነበር። ነጠላ ጫማ ነው ያደረገው፣ ያ የላስቲኩ። ማሰሪያ የለውም።